የዳር ማሳ ጥበቃ የመንደሩ ሁሉ ዕዳ ነው

ገበሬ ማሳውን አርሶ፣ ዘርቶና አርሞ እህሉን ለእሸት ካደረሰው በኋላ፣ ቀን ዝንጀሮ ሌሊት አሳማ ገብቶ ሲያጠፋበት፣ ጉዳቱ የአንድ ቤት ብቻ መስሎ ይታያል። ሹሙም ይህን ሲሰማ ባለ ማሳው አልጠበቀም ብሎ ነገሩን ይተወዋል። ነገር ግን ጠለቅ ብሎ ለመረመረው፣ ከዱር አጠገብ ያለው ማሳ ለመንደሩ ሁሉ እንደ አጥር የሆነ ነው። አውሬው አስቀድሞ የሚገባው በዳር ነውና፣ የዳሩ ገበሬ ሲጠብቅ የመካከሉ ገበሬ ተኝቶ ያድራል። የዳሩ ገበሬ ተስፋ ቆርጦ መሬቱን ጦም ቢያሳድረው ግን ቍጥቋጦው ወደ ውስጥ ይገፋል፤ የዛሬው መካከል የነገ ዳር ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ደክሞ ሁሉ የሚጠቀምበት ጥበቃ በአንዱ ጫንቃ ላይ ብቻ ሊቀር አይገባውም።

ጠላትን ለመከላከል አስቀድሞ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ዝንጀሮ፣ ጦጣና ከርከሮ በቀን ይመጣሉ፤ የዱር አሳማና ጃርት ግን በጨለማ ነው። ዝንጀሮ በመንጋ ሆኖ ይወርዳል፤ የሚበላውም ከሚያበላሸው ያንሳል። አሳማ አገዳውን ይጥላል፤ ጃርት ድንቹን ከሥሩ ይቈፍራል። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ጭላዳ ምንም እንኳ ዋና ምግቡ ሣር ቢሆን፣ በሰሜን ተራሮች ከገደል አፋፍ አጠገብ ወደ ተዘራው ገብስ ይገባል። ጉሬዛ ግን ይልቁንም የዛፍ ቅጠል የሚበላ ስለ ሆነ ከነዚህ ጋራ በአንድነት ሊከሰስ አይገባውም። እንግዲህ ሌሊት ለሚመጣ አውሬ የቀን ጠባቂ ማቆም፣ በዛፍ ላይ ለሚዘል አውሬም ዝቅተኛ አጥር ማጠር ከንቱ ድካም ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥፋት ግን ጥበቃውን ለሕፃናት መተው ነው። በቆሎ በብዙ አገር እሸት የሚሆንበት ወራት ትምህርት ቤት ከሚከፈትበት ከመስከረም ጋራ ይገጥማል። የዳር ማሳ ያለው ድኻ ሌላ ሰው ስለሌለው ልጁን ወንጭፍ አስይዞ ማማ ላይ ያወጣዋል። ባልንጀሮቹ ፊደል ሲቈጥሩ እርሱ ዝንጀሮ ይቈጥራል፤ ኅዳር ሲደርስ ወደ ትምህርቱ ቢመለስም ወደ ኋላ ቀርቶ ያፍራል፤ በመጨረሻም ይተወዋል። ከዚህም ጋራ ዝንጀሮ ከልጅና ከሴት ይልቅ ጐልማሳ ወንድን እንደሚፈራ በብዙ የአፍሪካ አገር ገበሬዎች የመሰከሩት ነገር ነው። ስለዚህ ልጁ ትምህርቱን ያጣል፤ እህሉም አይድንም።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ጥቁር ድብ የበቆሎ ማሳና የንብ ቀፎ ያጠፋል፤ ባለ መሬቶች ለአጋዘን ሲሳይ ይሁን ብለው የሚዘሩትን እህል እንኳ አይተውም። በዚያ አገር የኤሌክትሪክ ኀይል ያለበት የሽቦ አጥር እንደሚከላከለው ታውቋል፤ ደኅና አድርጎ የሚሠራው ግን ድቡ ማሳውን ሳይቀምስ አስቀድሞ ሲታጠር ነው። አንድ ጊዜ ከቀመሰ በኋላ ማስተዉ አስቸጋሪ ነው። በየወረዳው ይህን ሽቦ መዘርጋት ባይቻልም ትምህርቱ ግን ይጠቅማል፤ ጥበቃ የሚጀመረው እሸቱ ከመድረሱ በፊት እንጂ ከተበላ በኋላ አይደለም። ዳዊት የደገመ ሰውም ይህን ያውቃል፤ በሰባ ዘጠነኛው መዝሙር የዱር እርያ ያጠፋው የወይን ቦታ ሲነሣ፣ ከእርያው በፊት የተነሣው የቅጥሩ መፍረስ ነው።

አጥሩም ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ቀንጠፋና ቃጫ በዳር ተተክለው ሲጠኑ ለአሳማ የማይበገሩ ይሆናሉ፤ ጥልቅ ቦይ ቢጨመር ይበልጥ ይከላከላል። በዱሩና በማሳው መካከል ያለው ቍጥቋጦ ቢመነጠር ዝንጀሮ ተሸሽጎ ሊቀርብ አይችልም፤ ዛፉ ግን ሊቈረጥ አይገባም። ለዱሩ በሚቀርበው ትልም ላይ በበቆሎ ፈንታ እንደ በርበሬ ያለውን መዝራት ጉዳቱን ያቀላል። የማስፈራሪያ ምስል ብቻውን ጥቂት ቀን ነው የሚያገለግለው፤ ዝንጀሮ ቶሎ ይለምደዋልና ቦታውን እየለወጡ ከጅራፍ ድምፅና ከሰው ጋራ ማድረግ ይሻላል።

አንዳንዶች ነገሩን በመርዝ እንጨርሰዋለን ይላሉ። መርዝ ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ ውሻውንና ጥንብ አንሣውን ይገድላል፤ በደጋውም ቀይ ቀበሮን ያሠጋል። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደልንም ሕግ ይከለክላል። ደግሞም ዝንጀሮንና አሳማን የሚበላ ነብር ነውና፣ ነብርን ለቆዳው የሚገድል ሰው የእህሉን አጥፊ ያበዛል።

እንግዲህ የሚሻለው መንገድ የአባቶች ሥርዓት የሚያሳየው ነው። በመንዝ የጓሳውን ሣር ሕዝቡ በቄሮ ሥርዓት አለቆቹን መርጦ፣ ለዓመታት ዘግቶ፣ የሚከፈትበትን ጊዜ በአንድነት ቈርጦ ለብዙ ዘመን ጠብቆታል። ያ ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ቈይቶ ጥበቃውን በሌላ ስም በማኅበር አቁሞታል። ሣርን በማኅበር መጠበቅ የቻለ ሕዝብ እህልንም መጠበቅ አያቅተውም።

ስለዚህ ሹማምንት ከዘር በፊት መንደሩን ሰብስበው የዳር ማሳዎችን ያስቈጥሩ። ጐልማሶች በቀንና በሌሊት በተራ እንዲጠብቁ ይወስኑ፤ ተራ መግባት የማይችል በአውድማው ላይ ለጠባቂው በቍና ይስጥ። ባሏ የሞተባት ሴትና ሽማግሌ ግን ከዚህ ነጻ ይሁኑ። በባለ መሬትና በእኩል አራሽ መካከልም ፍትሕ ይደረግ፤ እህሉ እኩል የሚከፈል ከሆነ የጥበቃው ድካም በአራሹ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። የጠባቂው ዋጋ ከክፍያው በፊት ከመካከል ይነሣ። ባለ መሬቱ ይህ ቢከብደው፣ ያልተጠበቀ ማሳ ለእርሱም ድርሻ እንደማይተው ያስብ።

ይህን ሁሉ ለመፈጸም አዲስ ግብር መጣል አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የሹሙ ትጋት ነው። የአንድ ወረዳ ገዢ በመስከረም ወደ መንደር ሲወርድ ማማው ላይ ጐልማሳውን፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጁን ካገኘ፣ ሥራውን እንደ ሠራ ይወቅ። ማማው ላይ ልጁን ያገኘ እንደ ሆነ ግን እህሉ ቢተርፍ እንኳ አገሩ እንደ ተጐዳ ይረዳ።