«ሥራ ይደርሳል» የሚሉት ምክር

ልጇ በጠና የታመመባት ሠራተኛ እናት ከሐኪሙ ቃል ቀጥሎ የምትሰማው ምክር «ሥራ ይደርሳል፣ ልጅሽን አስታሚ» የሚል ነው። ዘመድ ይላታል፣ የንስሐ አባቷ ይሏታል፣ የቢሮ አለቃዋ ይላታል። ስለ እናትነትና ስለ ሥራ በተነሣ ቁጥርም ይህችው ቃል እንደ ትልቅ ብልሃት ትደገማለች። መካሪዎቹ ክፋት እንደሌላቸው አልጠራጠርም። ምክሩ ግን እውነት አይደለም፤ ልጁንም ይጎዳል። ሥራ አይደርስም። ለምን እንደማይደርስ ለማወቅ የሴትየዋን ልብ መመርመር አያስፈልግም፤ ሕጉንና የሆስፒታሉን ቀጠሮ ጎን ለጎን ማየት ይበቃል።

በልጆች ላይ በብዛት የሚታየውን የደም ካንሰር እንውሰድ። አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የሚባለው ዓይነት ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ጥቁር አንበሳ፣ ጅማ ወይም ጎንደር የተመላለሰ አስታማሚ አካሄዱን ያውቀዋል። ኬሞ ከመሰጠቱ በፊት የደም ሴል ቆጠራው (ሲቢሲ) ይታያል። የነጭ የደም ሴሉ ቁጥር ከወረደ መድኃኒቱ አይሰጥም፤ ቀጠሮው ወደሚቀጥለው ሳምንት ይገፋል፣ እናትየው አስፈቅዳ የመጣችበትም ቀን ባክኖ ይቀራል። ቁጥሩ በወረደበት ሰሞን ልጁ ሌሊት ካተኮሰው ደግሞ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ኢንፌክሽኑ በሰዓታት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ይህን ይዘን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እንግለጥ። ልጅ ለማስታመም ተብሎ በስሙ የተጻፈ ፈቃድ የለበትም። ያለው ለከባድና ልዩ አጋጣሚ የሚሰጥ፣ ደመወዝ የማይከፈልበት፣ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን የሚደርስ ፈቃድ ነው፤ ያውም በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ ብቻ። ተከታታይ! ሉኪሚያ ግን ከዚህ ሳምንት አንድ ቀን፣ ከዚያኛው ሁለት ቀን እየቆነጠረ ነው የሚወስደው። የዓመት ፈቃዷ፣ ገና አንድ ዓመት ያገለገለች ከሆነች 16 የሥራ ቀን፣ በጥቂት ወራት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ የቀረችበት ቀን በየትኛውም የፈቃድ ዓይነት አይመደብላትም፤ በጽሑፍ እየተነገራት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ከቀረች ያለ ማስጠንቀቂያ ልትሰናበት ትችላለች። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው፦ ያው አዋጅ ልጇ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን ከነደመወዟ ይሰጣታል። ለመቅበር የሚከፈልበት ቀን አላት፤ ለማዳን የላትም።

«እንግዲያውስ ሥራውን ትተወው» የሚሉ አሉ። በምን ልታሳክመው? ሆስፒታሉ ያጣውን መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ የሚገዛው፣ የላቦራቶሪውንና የታክሲውን የሚከፍለው ደመወዟ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ የታሰበው ለእሷ ዓይነቱ ደመወዝተኛ ነበር፤ ሥራ ላይ ሳይውል ግን ዓመታት ተቆጠሩ። ሀብታም አገር ውስጥ ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከመቶ ከ80 በላይ ይድናሉ፤ በድሃ አገሮች ከ30 በታች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ልዩነት ከሚጠቅሳቸው ምክንያቶች አንዱ የተጀመረ ሕክምና መቋረጡ ነው። ለዚህ ነው «ሥራውን ተዪው» ማለት ብዙ ጊዜ «ሕክምናውን አቋርጪው» ማለት የሚሆነው፤ መቋረጡ የሚታወቀው ግን ከወራት በኋላ፣ የቤቱ ጥሪት ተሟጦ ሲያልቅ ብቻ ነው።

«ሥራዋን ትያዝ፤ ግን ልጅ ታሞ ስለ እድገት ይታሰባል እንዴ?» የሚሉም አሉ። ይህ ከመጀመሪያው ይከፋል፤ እናትየዋን ፍቅር ያነሳት ያስመስላታልና። እድገት ማለት የደመወዝ ጭማሪ ነው። በራስ ሰዓት ማዘዝም ነው። የመግቢያና የመውጫ ፊርማ የምትፈርመዋ ጸሐፊ ለሁለት ሰዓት ስትወጣ ትጠየቃለች፤ የክፍል ኃላፊዋ ግን የጠዋቱን ስብሰባ ከሰዓት ታደርገዋለች። ለኃላፊነት ቦታ የተወዳደረች እናት ከልጇ አልጋ የምትርቀው ለምንድን ነው የምንለው? ወደ አልጋው የሚያቀርባት ያ ቦታ ሊሆን ይችላልኮ። አባትየውን ይህን የሚጠይቀው ሰው አላየሁም። እሱ እድገት ሲያገኝ «ለልጁ ሲል ደፋ ቀና ይላል» ይባላል፤ እሷ ስታገኝ ግን ጎረቤት ከንፈሩን ይመጣል። ልጁ እናቱን ከአጠገቡ እንደሚፈልግ ማንም አይክድም። አባቱንም ይፈልጋል፤ ለሕክምናው መርፌ በጀርባው ሲወጋ የሚይዘው እጅ የግድ የእናቱ እንዲሆን የወሰነ ሐኪም የለም።

አሠሪዎች «አንችለውም» ይላሉ፤ ትንንሾቹ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ሠራተኛው ራሱ ሲታመም አዋጁ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ ሰጥቶታል፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። ይህን የተሸከመ አሠሪ፣ ለታመመ ልጅ ወላጅ ከዚያ ሩቡን ቢሰጥ አይወድቅም። ፈረንሳይ በጠና ለታመመ ልጅ ወላጅ በሦስት ዓመት ውስጥ እየከፋፈሉ የሚወስዱት 310 የሥራ ቀን ትፈቅዳለች፤ የቀን አበሉን የሚከፍለውም የቤተሰብ ድጎማ ፈንዱ እንጂ አሠሪው አይደለም። የእኛ አቅም የዚያን ያህል አይደለም፤ «እየከፋፈሉ» የምትለዋን ቃል ግን ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ መውሰድ ይቻላል። ያለ ደመወዝ የሚሰጡት እነዚያ አሥር ቀናት አንድ አንድ እየተባሉ እንዲወሰዱ ቢፈቀድ እንኳ የሁለት ወር የኬሞ ቀጠሮ ይሸፍናሉ። አዋጁ እስኪሻሻል መጠበቅም የግድ አይደለም፤ በኅብረት ስምምነት ሊገባ ይችላል፣ ሠራተኛ ማኅበራት ስለ ትርፍ ሰዓት ሲደራደሩ አብረው ያንሡት። «ሥራ ይደርሳል» ብሎ የመከራት አለቃም ሐሙስ የቀረችበትን ቅዳሜ እንድትሠራው ይፍቀድላት፤ የእድገት ማስታወቂያውም ሲለጠፍ ስሟን ከዝርዝሩ አይዝለል።