ሙሉ መጽሐፍ በቴሌግራም፦ «ለትምህርት ነው» ያስኬዳል?

ከሳሊተ ምሕረት ታክሲ ይዛችሁ መገናኛ ሳትደርሱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሙሉውን ከቴሌግራም ታወርዳላችሁ። የለቀቀውን ብትጠይቁት «ለትምህርት ነው፤ ደግሞም የድሮ መጽሐፍ ነው» ይላችኋል።

የድሮ መሆኑ አያድነውም። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 410) ደግሞ የደራሲን የገቢ መብት ከሞቱ በኋላም 50 ዓመት ያቆየዋል። ቁጠሩት፦ እስከ 2046!

«ለትምህርት» የሚለው ግን እውነት አለው። መምህር ለትምህርቱ የሚበቃውን ያህል ቀንጭቦ፣ ደራሲውንና ምንጩን ጠቅሶ ማባዛት ይችላል። ሙሉውን ለማያውቃቸው ሺህ ሰዎች መልቀቅ ግን ማስተማር አይባልም። ሊንክ ስትጠይቁን የማንለጥፈውም ለዚህ ነው።

መምህሮች፣ የእናንተም ኖት ሳይመዘገብ ጥበቃ አለው። ስማችሁን ቆርጦ የሚለጥፈውን ቻናል መጠየቅ ትችላላችሁ።