ምርቃናው ለወጣቱ፣ ቀረጡ ለመንግሥት!

ከሰዓት በኋላ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ዞር ዞር በሉ። ትምህርት ቤት አጥር ሥር ሳይቀር ጫት ቤት አይጠፋም። ዕድሜህ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ብር አለህ? አበቃ!

ለመሆኑ ጫቱ በኮባ የሚጠቀለለው ለምንድን ነው? ለጌጥ አይደለም። በለጋው ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ተመራማሪዎች የለዩት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፤ ሁለት ቀን ካለፈው ዋጋ የለውም። ከአወዳይ የሚነሳው አይሱዙ ያን ያህል የሚበረው ይህችን ነገር በሕይወት ለማድረስ ነው።

ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። በጉንጭና በሆድ በኩል ወደ ደም፣ ከዚያም ወደ አንጎል ይገባል። እዚያ ደርሶ አዲስ ደስታ አይፈጥርም። ነርቮች ያጠራቀሙትን ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ያስረጫቸዋል እንጂ! ምርቃና የሚሉት ይሄንኑ ነው። ልብ ይደልቃል፣ የደም ግፊት ይወጣል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድ ይደርቃል። ማታ ጎተራው ባዶ ሲሆን ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። ያን ለመስበር ጨብሲ ይባልና መጠጥ ይጨመርበታል። በአንድ እግር ነዳጅ፣ በሌላው ፍሬን! በነጋታው ደግሞ ሀራራው ቀድሞ ይነሳል፤ ካልቃመ ሌሊት ዱካክ ይጫወትበታል። አብዝቶ የሚቅም አንዳንዱ የሌለ ድምፅ ይሰማል፣ ሰው ይከታተለኛል ይላል። (እርግጥ በዚህ አገር ሰው ይከታተለኛል ያለ ሁሉ አብዷል ማለት አይደለም!)

ተማሪውም «ለፈተና ነው» ይላል። ወንድሜ፣ ነቅቶ ማደርና ማወቅ ለየቅል ናቸው።

ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለውን የሐረርጌ ገበሬ አልወቅስም። ልጆቹን የሚያበላው እሱ ነው። በወሎና በሐረር ለዱአ የሚቀርበውንም ከጫት ቤቱ ንግድ ጋር አልደባልቅም። ጥያቄዬ ለመንግሥት ነው።

መንግሥት ከጫት ዶላር ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኤክሳይስ ታክስ ጣለበት። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አገደ፤ ደግ አደረገ። ጫት ግን መች ማስታወቂያ ያስፈልገውና! በ1996 ዓ.ም ደግሞ ዋስትና የሚከለክል የአደገኛ ቦዘኔ አዋጅ አወጣ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሥራ አጡ ወጣት ሲቅም ግብር ከፋይ ነው፣ ጎዳና ላይ ሲቆም ቦዘኔ ነው። ታማሚ የሚሆነው መቼ ነው?

አንድ እናት ልጇ በጫትና በጨብሲ ሲጠፋባት ጠበል ትወስደዋለች። ሌላ የት ትውሰደው? የሱስ ሕክምና የሚሰጥበት ስንት አልጋ አለ? ከጫት ከሚሰበሰበው ቀረጥ ለዚህ የዋለው ስንት ብር ነው? የሚመለከተው ክፍል ቁጥሩን ያውጣ። እግረ መንገዱንም ከትምህርት ቤት አጥር ሥር ላሉት ጫት ቤቶች ማን እንደፈቀደላቸው ይንገረን።