ሕመም የጥበብ ግብር አይደለም

ከያኒ ካልተሠቃየ አይፈጥርም የሚለው አስተሳሰብ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቶ ዛሬም በብዙዎች ዘንድ እንደ እውነት ይቆጠራል። ድምፃዊ አእምሮው ሲታወክ «ጥበብ ለክፋው ነው» ይባላል፤ በመጠጥ ሲጎዳ «ስሜቱ ከሰው የተለየ ስለሆነ ነው» ይባላል፤ ሲሞት ደግሞ የመከራው ታሪክ ከዘፈኑ ጋር ተጠርዞ ለገበያ ይቀርባል። ይህ አባባል ለከያኒው የተሰጠ ክብር ይመስላል። በተግባር ግን ከያኒውን የሚያሠሩት፣ የሚሸጡትና የሚያዳምጡት ሁሉ ከኃላፊነት የሚያመልጡበት በር ነው።

ለዚህ የእንግሊዛዊቷ ድምፃዊት የኤሚ ዋይንሃውስ ዕጣ በቂ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ሁለተኛ አልበሟ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ዝናዋን የናኘው ዘፈን «ከሱስ መታከሚያ አልገባም» የሚል መልእክት ያለው ነበር። በየካቲት 2008 ከተቀበለቻቸው አምስት የግራሚ ሽልማቶች መካከል የዓመቱ ምርጥ ዘፈን የተባለው ይኸው ነው። እንግዲህ ዓለም አንዲት በሽተኛ ሕክምናን እምቢ ስትል ሰምቶ አጨበጨበ፤ አጨብጭቦም ሸለመ። ፎቶግራፍ አንሺዎች ለንደን በሚገኘው ቤቷ ደጃፍ ካሜራቸውን ደግነው ይጠብቋት ስለነበር በ2009 ከፍርድ ቤት እግድ እስከ መጠየቅ ደረሰች። ሰኔ 18 ቀን 2011 ቤልግሬድ ላይ መድረክ ስትወጣ የገዛ ዘፈኗን ግጥም ማስታወስ ተስኗት ነበር፤ ሕዝቡም በጩኸት አዋረዳት። የቀረው ጉዞ ተሰረዘ። ከ35 ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 23፣ በ27 ዓመቷ ቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች። የሞቷ መንስኤ ከልክ ያለፈ መጠጥ መሆኑን መርማሪው አረጋገጠ።

ለመሆኑ በዚያች ሌሊት ቤልግሬድ ላይ የታየው የጥበብ ምሥጢር ነበርን? አልነበረም። የታየው የታመመች ሠራተኛ ሥራ ላይ ስትሰማራ ነው። በዚያ ሁኔታ ያለ ሾፌር መሪ ጨብጦ ቢወጣ፣ መኪናውን ያስረከበው ድርጅት በሕግ በተጠየቀ ነበር። ድምፃዊት ስትሆን ግን የሚጠየቅ የለም። «ፈቅዳ ነው» የሚሉ አሉ። ቲኬቱ ተሸጦ፣ ውሉ ተፈርሞ፣ በእሷ ጉሮሮ የሚተዳደረው ሰው ሁሉ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ እየጠበቀ፣ በሽተኛዋ የምትሰጠው ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነው?

ሌሎች ደግሞ «ሕመሙ ባይኖር ዘፈኑም አይኖርም ነበር» ይላሉ። ለእነዚህ የአሜሪካዊው ብራያን ዊልሰን ታሪክ መልስ አለው። የቢች ቦይስ መሪ የነበረው ይህ ሰው በታኅሣሥ 1964፣ በ22 ዓመቱ፣ ወደ ሂውስተን በሚበር አውሮፕላን ውስጥ በጭንቀት ታወከ። ከዚያ በኋላ ከቡድኑ ጋር መዞሩን አቆመ፤ በመድረክ ላይ ሌላ ሙዚቀኛ ተተካለት። እሱም ስቱዲዮ ገብቶ በ1966 «ፔት ሳውንድስ» የተሰኘውን፣ እስከ ዛሬ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ ሥራዎች የሚቆጠረውን አልበም አበረከተ። እርግጥ ነው፣ ዕረፍቱ ብቻውን አላዳነውም፤ ከአእምሮ ሕመም ጋር ለአሥርተ ዓመታት ታግሏል። ይሁን እንጂ በ2025 ያረፈው በ82 ዓመቱ ነው። ሥራውን የወለደው ስቃዩ ሳይሆን ከስቃዩ የተረፈለት ጊዜ ነው።

በኢትዮጵያም ነገሩ እንግዳ አይደለም። «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም መቀለጃ በሆነበት አዲስ አበባ፣ አእምሮዬን አሞኛል ብሎ የሚናገር ሙዚቀኛ የሚያገኘው ሐኪም ሳይሆን ሐሜት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ በሽታውን ሲገልጥ እንጀራውን የሚያጣ ሰው ግን ከመደበቅ በቀር ምን ምርጫ አለው? በየምሽት ክበቡ በአዳር ክፍያ የሚጫወት ሰው አንድ ሌሊት ካረፈ የዚያን ሌሊት እንጀራ ያጣል።

ስለሆነም መፍትሔው የከንፈር መጠጣ አይደለም። ውል ሲፈረም የዕረፍትና የሕክምና ቀን ከነክፍያው ይጻፍ። የታመመ ሙዚቀኛ ተተኪ ይመደብለት፤ ቦታውም ይጠበቅለት። የሙዚቀኞች ማኅበራትና ቴአትር ቤቶች ይህን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ያድርጉት። ከያኒ ሲሞት ሐውልት ለማቆም ገንዘብ የሚያዋጣ ኅብረተሰብ፣ በሕይወት ሳለ አንድ ወር ማረፊያ ሊነፍገው አይገባም።