ስፖንጅ የለበሰ እግር ብረት

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ዛሬ ጥሩ አናጢ ሆኗል። ቡና ጠርቶኝ ሄጄ ሳለሁ በሳሎኑ ጥግ አንድ ሰፊ ባለመደገፊያ ወንበር አይቼ አሠራሩን አደነቅሁለት። እርሱም ደስ ብሎት ልብሱን ገለጥ አደረገው። ለካ ከክንድ ማሳረፊያው ሥር፥ በደረትና በእግር በኩል፥ የቆዳ ጠፍር ተደብቆበታል! አእምሮው ለታወከው ታናሽ ወንድሙ የሠራው ማሰሪያ ነው። «ጋሼ፥ ይመቸዋል፤ ስፖንጅ ስላለው አይቈርጠውም፤ እንግዳም ቢመጣ አያውቅበትም» አለኝ።

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ለመጻፍ ብዕር ባላነሣሁም ነበር። ወንድሙን ይወዳል። ልጁ ሁለት ጊዜ ሌሊት ወጥቶ መኪና መንገድ ላይ ተገኝቷል፤ እናቲቱም እንቅልፍ ካጡ ቈይተዋል። ከዚህ ፍርሃት ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ «ይመቸዋል» ከሚለው ቃል ጋር ነው። ስፖንጁ ለልጁ ነው እንበል፤ ጠፍሩን የሸፈነው ጨርቅ ግን የተሰፋው ለማን ነው? ለእኛ ለቡና ጠጪዎቹ አይደለምን?

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በረበሽሁ ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ከአግዳሚ ወንበር ጋር ታስሬ ውያለሁ። ገመዱ የለሰለሰ ነበር፤ እጄን አላመመኝም። እስከ ዛሬ የማልረሳው ከንፈሬ ላይ ያረፈችውን ዝንብ ነው።

በአሜሪካ አገር ቤንጃሚን ረሽ የሚባል ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1776 የነፃነቱን ዐዋጅ ከፈረሙት አንዱ ነው፤ የባሪያ ንግድንም በጽሑፍ ተቃውሟል። ይህ የተከበረ ሰው በ1811 ገደማ በፊላደልፊያ ለአእምሮ ሕሙማን «ማረጋጊያ» ብሎ የሰየመውን ወንበር አሠራ። ደረት፥ ክንድና እግር በጠፍር ይታሰራል፤ ራስ በሣጥን ይሸፈናል፤ ሕመምተኛው ለመጸዳዳት እንኳ እንዳይነሣ ከመቀመጫው ሥር ባልዲ ይደረጋል። ከዚያ በፊት ከነበረው ማሰሪያ ልብስ የተሻለ ርኅራኄ መስሎት ነበር። የገዛ ልጁ ጆን ከ1810 ጀምሮ በዚያው ሆስፒታል ገብቶ ሳይድን በ1837 ሞተ። እንግዲህ የሠሪው ደግነት ለታሳሪው ምን ጠቀመ?

አናጢው ደኅና ነው የሚለው ወንበርም ደኅና አይደለም። ለብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጥ ሰው በእግሩ ውስጥ ደም ሊረጋበት ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ቢወጣ ይገድላል። መቀመጫው ይቈስላል። እንቅልፍ ወስዶት ወደ ታች ቢንሸራተት የደረቱ ጠፍር አንገቱ ላይ ይደርሳል። ይህን ሁሉ ስፖንጅ አያስቀረውም።

«ልጁ ራሱ ሊፈታው ይችላል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና፥ «ጋሼ፥ ከፈታውማ ምን ዋጋ አለው?» አለኝ።

ለእንዲህ ያለው ሕመም ክሎርፕሮማዚን የሚባለው መድኃኒት በፓሪስ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ዐይነት ተጨምሯል። ይህ ልጅ ግን ሐኪም ፊት ሳይቀርብ ወንበር ተሠራለት! ያ ብልኅ እጅ ለግቢው በር ሲከፈት የሚጮኽ ደወል ቢያበጅ፥ ለምድጃው መከለያ ቢሠራ፥ ለእናቲቱም ከልጁ አጠገብ የሚያርፉበት አልጋ ቢያሰናዳ ምን ነበረበት? ሕመሙ ሲነሣበት ለጥቂት ደቂቃ መያዝ ግድ ቢሆን እንኳ የሰው እጅ ይያዘው። እጅ ይደክማል፤ ሲደክምም ይለቃል። ጠፍር ግን ሰዓት አያውቅም።

ጠፍሩን ንቀለው፥ ልጁንም ሐኪም ዘንድ አብረን እንውሰደው ብዬዋለሁ። ላስብበት ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ሦስት ወር ሆነው።