«ስንተኛ ወጣህ?» እና የሕፃናት የሆድ ሕመም

ትምህርት ባለበት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» የሚል፣ ቅዳሜና እሑድ ግን ሲቦርቅ የሚውል ሕፃን ለሐኪም አዲስ አይደለም። ወላጅ ሰገራ ያስመረምራል፤ የትላትል መድኃኒት ይሰጣል፤ ሰኞ ሲመጣ ሕመሙ ይመለሳል። ልጁ እየዋሸ አይደለም። አንጎልና አንጀት በነርቭ የተሳሰሩ ስለሆኑ ጭንቀት እውነተኛ ሕመም ያመጣል።

ከጭንቀቱ ምንጮች አንዱ ክፍል ውስጥ ያለው መበላለጥና መገለል ነው። የ4 ዓመት ሕፃን ስለራሱ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ «ጎበዝ ነኝ» ይላል። 1ኛ ክፍል በሚገባበት በ7 ዓመቱ ገደማ ግን ራሱን በእኩዮቹ መመዘን ይጀምራል። እኛም ልክ በዚህ ዕድሜው ደረጃ እንሰጠዋለን። ካርዱ ላይ 43ኛ የተጻፈለት ልጅ በዓመቱ ፊደል ለይቶ ማንበብ ጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ ደረጃው ግን ይህን አይነግረውም። የምሳ ዕቃውና የጫማው ንጽጽር፣ የልደት ኬክ ሲቆረስ ሳይጠራ መቅረቱ ሲታከልበት ሸክሙ ይከብዳል።

«ፉክክር ያበረታል» የሚሉ አሉ። ለትልልቅ ተማሪዎች እውነትነት ሊኖረው ይችላል። ትንሹ ልጅ ግን ከደረጃው የሚይዘው «ልጣር» የሚለውን ሳይሆን «አልችልም» የሚለውን እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ስለዚህ በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ደረጃ በተማሪዎች ፊት ባይነበብ እመክራለሁ። መምህሩ ልጁ የቻለውንና የቀረውን ለወላጁ ለብቻው ይንገር። ቡድንም ራሱ ይመድብ፤ ልጆች ሲመራረጡ ሁልጊዜ የሚቀር አለና። ወላጆችም «የጎረቤትን ልጅ አታይም?» ማለትን ትታችሁ «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትክ? ምን አዲስ ነገር ቻልክ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሕመሙ ሲደጋገም ከመምህሩ ጋር ተነጋገሩ፤ ልጁን ቤት ማስቀረት ፍርሃቱን ያብሳል።

የሆድ ሕመም ሁሉ ግን ጭንቀት አይደለም። ትኩሳት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ፣ ወይም ሕመሙ ልጁን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከሆነ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ሰኔ 30 ካርድ ስትቀበሉ ከደረጃው በፊት የልጃችሁን ፊት ተመልከቱ።