በዐቅም የሚኬድ መንገድ

እግሩ የታመመ ወይም ጕልበቱ የደከመ ሰው ባለበት ቤት፥ ቤተ ሰቡ ወደ ገበያ፥ ወደ ለቅሶ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እርሱን ቤት ጠባቂ አድርጎ መተው በየቦታው የሚታይ ነገር ነው። ይህም የሚደረገው በክፋት ሳይሆን «እንዳይደክም» በማለት ነው። ነገር ግን ልክ ያጣ ርኅራኄ እስራት ይሆናል፤ የማይንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ይተሳሰራል፥ የማይሠራ ጡንቻ ይሰልላል፥ ሰው የማያይ ልብም ይተክዛል። ስለዚህ ደካማው በዐቅሙ ስለሚሄድበት መንገድ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

አስቀድሞ ምድሩንና ወራቱን መምረጥ ይገባል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር፥ ቡሬም 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላላቸው አየራቸው ለእግረኛ የተስማማ ነው። በክረምት ግን ጭቃው ስለሚያዳልጥ ምርኵዝ ለያዘ ሰው አደገኛ ነው፤ ከጥቅምት ወዲህ ያለው በጋ ይሻላል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው የመኪና መንገድ በሁለቱም ከተሞች ያልፋል፤ ለጥ ያለ ቢሆንም ለዘገምተኛ አይመከርም። ዳገት ቢኖር በባጃጅ እስከ ሜዳው ደርሶ ከዚያ መራመድ፥ ወይም የቤተ ክርስቲያኑን ዐጸድ በዛፍ ጥላ መዞር ይቻላል። የመንገዱንም ሰላም አስቀድሞ መጠየቅ አይረሳ።

ሁለተኛው ነገር ልክ ነው። በመጀመሪያው ቀን ዐሥር ደቂቃ ሄዶ መመለስ ይበቃል፤ የመሄጃው ድካም የመመለሻውን ዐቅም መብላት የለበትምና። እየሄደ መጨዋወት የሚችል ሰው በልኩ ይሄዳል፤ ትንፋሽ ካጠረው ይረፍ፥ ደረቱን ከወጋው ግን ወደ ሐኪም ይሂድ። አብሮት የሚሄደውም ውሃና ትንሽ በርጩማ ይያዝለት።

ደብተራው ረጅሙን ማሕሌት የሚቆመው በመቋሚያው ተደግፎ ነው፤ መደገፍ ነውር አይደለም። የመንገድ ምርኵዝ ግን ከመቋሚያ ያጠረ ነው፤ እጅ ወደ ታች ሲዘረጋ እስከ አንጓ ይድረስ፤ የሚያዘውም ከታመመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው።

በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጡ ከመኖር የሚመጣው የእግር እብጠት፥ ዝሆኔ የሚባለው፥ ርግማንም ተላላፊም አይደለም። እግርን በየቀኑ በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፥ ቅባት መቀባት፥ ሲቀመጡም ከፍ ማድረግ ይረዳል። ሰፊ ጫማ አድርጎ መራመድም እብጠቱን ያቀላል እንጂ አያብስም። በሽተኛውን ከሰው የሚለየው እንግዲህ እግሩ ሳይሆን የጎረቤቱ ፍርሃት ነው።

በሮምና በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እርሱ ግን በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በበረዶ ላይ በውሻ በሚጐተት ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። መሮጥ ቢቀርበት መውጣት አልቀረበትም። የእኛም ሰዎች ሜዳማ በሆነችውና ብስክሌት በለመደችው በባሕር ዳር በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት እግር ብስክሌት መንሸራሸር ይችላሉ።

አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር በሚመጣው እሑድ «አንተ ቤት ጠብቅ» ከማለትህ በፊት፥ እስከ የት መሄድ እንደሚወድ ጠይቀው፤ እርምጃህንም በእርሱ እርምጃ ልክ አድርግ።